የመሲንቆዬን መቃኛ በጊታር መቃኛ ልቀይር? ክርስ ልጨምርበት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ መሲንቆ መጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው። አሁን ሐዋሳ ከአንድ ባንድ ጋር ሠርግና ምሽት ቤት እሠራለሁ። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ መቃኛው አይቆምልኝም። ዘፈን መሀል ሸርተት ይልና ድምፁ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ ዘፋኞቹ በየዘፈኑ ኪይ (የዘፈኑን መነሻ ድምፅ) ይቀያይራሉ፤ እኔ ያለኝ ግን አንድ ክር ነው። ቤት የተሰበረ ጊታር አለኝ። መቃኛዎቹን ነቅዬ መሲንቆው ላይ ልግጠማቸው? እግረ መንገዴንም እንደ ቫዮሊን አራት ክር ላድርገው ብዬ አስቤያለሁ። ይሆናል ወይስ ዕቃዬን አበላሸዋለሁ?»

ወንድሜ፣ መቃኛውን መቀየር ይሆናል። አንድ ክር መጨመርም ይሆናል፤ በምን መልኩ እንደሆነ እነግርሃለሁ። አራት ክር ግን አይሆንም። ሊገጠም ስለማይችል አይደለም፣ ይገጠማል። ግን የሚወጣው ነገር ደካማ ቫዮሊን ነው። መሲንቆህን ደግሞ ታጣዋለህ።

መጋዝ ከማንሳትህ በፊት የሚንሸራተተውን መቃኛ እንየው። እኔ ጋ «መቃኛው አልያዝ አለኝ» ተብሎ ከሚመጣው መሲንቆ አብዛኛው አዲስ መቃኛ አያስፈልገውም። ዛሬ ማታ ክሩን አላላው። መቃኛውን ከነጭራሹ አውጣና ወደ ብርሃን አስጠግተህ አዙረው። እንጨቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ታያለህ። መቃኛው ቀዳዳውን የሚነካው እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሁለት ቀለበት ካየህ፣ አንዱ በመግቢያው አንዱ በመውጫው በኩል ከሆነ፣ ግጥሙ ደህና ነው። አንድ ብቻ ካየህ ግን መቃኛው በአንድ ወገን ብቻ ነው የተያዘው። ሌላው ወገን ባዶ ላይ ይጫወታል። እንደዚህ ያለውን መቃኛ ምንም ያህል ብትገፋው አይቆምም።

መቃኛ ሾጣጣ መሆን አለበት። የቫዮሊን ሠሪዎች በየ30 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር እየቀጠነ እንዲሄድ አድርገው ይስሉታል፤ ቀዳዳውንም በዚያው ልክ ይከፍቱታል። የኛ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ በዓይንና በእጅ ነው የሚለኩት። ጥሩ እጅ ከሆነ ይገጥማል፣ ካልሆነ አንተ እንደምታየው ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። የሚያብረቀርቀውን ቦታ ብቻ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ትልጋለህ። መልሰህ ትከተዋለህ፣ ታዞረዋለህ፣ ታወጣዋለህ፣ ታየዋለህ። ሁለተኛው ቀለበት እስኪወጣ ድረስ ይህን ትደጋግማለህ። አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አትቸኩል።

ከዚያ ጠመኔ ቀባው። ጠመኔ ይይዛል፣ ደረቅ ሳሙና ያንሸራትታል። መቃኛው እየተንቋቋ በግድ የሚዞር ከሆነ ሳሙና ንካው። የሚሸሽ ከሆነ ጠመኔ ጨምርበት። ስትቃኝ ደግሞ ዝም ብለህ አታዙረው። እያዞርክ ወደ ውስጥ ግፋው። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሐምሌ ላይ ጥርቅም ያለው መቃኛ ጥር ላይ ቢላላ የሚገርም አይደለም። ጠመኔው ሁልጊዜ ከመሲንቆው ጋር ከረጢት ውስጥ ይኑር።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላም እንደ ጊታሩ ጥርስ ያለው መቃኛ ብትፈልግ አልቃወምህም። ለባንድ ሥራ እውነተኛ ጥቅም አለው። ቁጥሩን ተመልከት። የእንጨት መቃኛህ ክሩ በሚጠመጠምበት ቦታ 15 ሚሊሜትር ውፍረት አለው እንበል። አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 47 ሚሊሜትር ያህል ክር ይጠቀልላል። በጣትህ ነካ ስታደርገው ብቻ ድምፁ ሽቅብ ይዘላል። የጊታር መቃኛ ምሰሶ ደግሞ 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጥርሱ 14 ለ1 ከሆነ፣ እጀታውን 14 ጊዜ ስታዞር ምሰሶው አንዴ ይዞራል። ስለዚህ በአንድ ዙር የምትስበው 1.3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጨለማ መድረክ ላይ፣ ኪቦርዱ እየጮኸ፣ ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ጥርሱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ክሩ ቢጎትተውም ወደ ኋላ አይመለስም። ክራር ላይ የጊታር መቃኛ ማየት ዛሬ ማንንም የማያስደንቀው ለዚህ ነው።

ክራርና መሲንቆ ግን በሦስት ነገር ይለያያሉ።

የመጀመሪያው ውፍረት ነው። የጊታር መቃኛ የተሠራው 15 ሚሊሜትር አካባቢ ለሆነ ራስ ነው። የመሲንቆህ አንገት ጫፍ ምናልባት የዚህ እጥፍ ይሆናል። ምሰሶው በሌላው በኩል ብቅ አይልልህም። ስለዚህ ጫፉን በአንድ ወገን ጠርበህ ጠፍጣፋ ማድረግ አለብህ። እዚህ ላይ እኔ አንድ ጊዜ ያጠፋሁትን ልንገርህ። አንድ ደንበኛ የአባቱን መሲንቆ አመጣልኝ፤ ጥያቄው እንዳንተ ነበር። ጫፉን ወደ 14 ሚሊሜትር ጠረብኩት። አዲሱን ቀዳዳ ከድሮው የመቃኛ ቀዳዳ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ በሳሁት። የድሮውን ቀዳዳ ግን አልደፈንኩትም። ሲወጣ በጣም ያምር ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ስንጥቁ ከአዲሱ ቀዳዳ ተነስቶ የእንጨቱን መስመር ይዞ ድሮው ቀዳዳ ድረስ ወጥቷል። አዲስ አንገት ሠራሁለት፣ ገንዘብም አልተቀበልኩም። አባቱ የያዙት እንጨት ግን ያው ሄደ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አደራህን፣ የድሮውን ቀዳዳ መጀመሪያ ድፈነው። በልኩ የተሳለ ሾጣጣ እንጨት በኮላ አስገባበት፤ የእንጨቱ መስመር ከአንገቱ መስመር ጋር ይግጠም። አንድ ቀን ይደር። አዲሱ ቀዳዳ ከዚያ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ሙሉ በሙሉ ለተሸፈነው የጊታር መቃኛ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል። በ3 ጀምር፣ ወደ 6 እለፍ፣ በመጨረሻ 10 አድርገው። ከበስተጀርባ ቁራጭ እንጨት ደግፍ፤ አለበለዚያ ድሪሉ ሲወጣ ጠርዙን ይገነጥለዋል። መቃኛውን ለምታጠብቀው ትንሿ ቪትም ቀጭን ቀዳዳ ብሳላት። እንዲሁ ብትነዳት እዚያው ትሰነጥቅብሃለች።

ሁለተኛው ክብደት ነው። አንድ የተሸፈነ የጊታር መቃኛ 40 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ለጊታር ምንም አይደለም። መሲንቆ ግን ረጅምና ቀላል ነው፤ ቆመህ፣ እየተወዛወዝክ፣ ሰው መሀል እየገባህ ነው የምትጫወተው። ጫፉ ላይ አንድ መቃኛ ትችለዋለህ። ሁለቱ ይሰማሃል። አራቱ የግራ እጅህን ወደ ታች ይጎትቱታል። የሚጎተት እጅ ደግሞ ድምፅን በነፃነት አይነካም።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ጭራው ነው። የጊታር መቃኛ የተሠራው ለአንድ ነጠላ ክር ነው። ያንተ ክር ብዙ የፈረስ ጭራ አንድ ላይ የተያዘ ነው። በምሰሶዋ ትንሽ ቀዳዳ አያልፍም። ገፍተህ ብታሳልፈውም 6 ሚሊሜትር ምሰሶ ላይ ሲታጠፍ ውጭ ውጭ ያለው ጭራ ይወጠራል፣ የውስጡ ይላላል። ከዚያ አንድ በአንድ ጣ፣ ጣ እያለ ይበጠሳል። መፍትሔው ጭራው መቃኛውን ጭራሽ እንዳይነካ ማድረግ ነው።

እንዲህ ታደርጋለህ። ጭራውን በደንብ አበጥረው፤ እኩል ይወጠር። ጫፉን ሰም በተቀባ ክር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥብቀህ ጠምጥመው። ከዚያ ወደ ኋላ እጠፈውና ትንሽ ቀለበት ሥራለት፤ እንደገና ጠምጥመህ እሰረው። አሁን ጭራው ጫፉ ላይ ጆሮ አወጣ ማለት ነው። ተጎንጉኖ የተሠራ ጠንካራ ናይለን ገመድ ውሰድ፤ አንድ ሚሊሜትር ውፍረት፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ይበቃል። እጥፍ አድርገህ በጆሮው አሳልፈውና በራሱ ውስጥ መልሰህ ሳበው። ሁለቱን ጫፍ በመቃኛው ቀዳዳ ከትተህ ሁለት ሦስት ዙር ጠምጥም። ቋጠሮው ጣትህ ከሚደርስበት በላይ መሆን አለበት። አለበለዚያ የላይኛው ጣትህ ሁልጊዜ ይደናቀፍበታል። ጭራ ስትቀይርም መቃኛውን መንካት አያስፈልግህም፤ ጆሮውን ፈትተህ አዲሱን ታገባለህ።

ገንዘብ ካለህ ወይም ውጭ አገር ዘመድ ካለህ ግን ከጊታር መቃኛ የሚሻል ነገር አለ። ለቫዮሊንና ለቼሎ የተሠሩ፣ ጥርሳቸው ሆዳቸው ውስጥ የተደበቀ መቃኛዎች አሉ። ከውጭ ሲታዩ የእንጨት መቃኛ ይመስላሉ። ዊትነር የሚባለው 8.5 ለ1 ነው፤ ኒሊንግ የሚባለው 4 ለ1። የቼሎው ልክ ወፍራም ስለሆነ ለመሲንቆ ይቀርባል። አንገቱን አትጠርብም። የድሮውን ቀዳዳ በልኩ ታስተካክልና እዚያው ታስገባዋለህ። የመሲንቆው መልክ እንዳለ ይቀራል። እኔ ብጠየቅ ይህንን ነው የምመርጠው።

አንድ ነገር ግን አትጠብቅ። የትኛውም መቃኛ ቢሆን ቅኝቱ ጨርሶ እንዳይወርድ አያደርግም። ጭራ እርጥበት ሲነካው ይረዝማል። ጥሬ ቆዳም ይላላል፣ ቆዳው ላይ ቆሞ ክሩን የሚሸከመው ብርኩማ ይሰምጣል። ሐይቅ ዳር ማታ ስትጫወት ድምፁ ከወረደ መቃኛውን አትውቀሰው። ጥርስ ያለው መቃኛ የወረደውን ቶሎና በትክክል እንድትመልስ ይረዳሃል እንጂ አየሩን አይቀይርም። ከመጫወትህ ግማሽ ሰዓት በፊት መሲንቆውን ከማኅደሩ አውጣና የምትጫወትበትን አየር ይልመድ።

አሁን ወደ ኪይ። ዘፋኙ ግማሽ ድምፅ ጨምር ሲልህ ክሩ ላይ ያለው ውጥረት 12 በመቶ ይጨምራል። ሙሉ ድምፅ ከሆነ 26 በመቶ። እስከዚህ ድረስ ጭራህ ደህና ከሆነ ይችላል። አምስት ደረጃ ሽቅብ ልውጣ ካልክ ግን ውጥረቱ ከእጥፍ በላይ፣ 2.25 ጊዜ ይሆናል። ያኔ ጭራው ይበጠሳል ወይም ቆዳው ይጎዳል።

ከመቃኛው በፊት አንዲት ትንሽ ዘዴ ሞክር። ኧርሁ የሚባለው የቻይና ባለደጋን መሣሪያ ይህችን ዘዴ ከድሮም ይጠቀምባታል። አንገቱንና ክሩን አንድ ላይ የሚያቅፍ ቀለበት ከወፍራም ጥጥ ክር ሥራ። ክሩ የሚነዝረው ከዚያ ቀለበት ጀምሮ ነው። ወደ ታች ስታንሸራትተው ድምፁ ከፍ ይላል። የክርህ ርዝመት ከላይኛው ማሰሪያ እስከ ብርኩማው 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ለግማሽ ድምፅ 3.4 ሴንቲ ሜትር፣ ለሙሉ ድምፅ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ታወርደዋለህ። ክሩን ወደ አንገቱ ብዙ እንዳይጎትተው ላላ አድርገህ እሰረው። ውጥረቱ እምብዛም አይቀየርም፣ መቃኛው አይነካም። በእርሳስ አንገቱ ላይ ምልክት አድርግ። በሁለት ዘፈን መሀል በአምስት ሰከንድ ይሆናል።

ደግሞም አንድ ክር ማለት አንድ ኪይ ማለት አይደለም። አንተ እንደ ጊታር አንገቱ ላይ የተተከለ ድምፅ የሚወስን ብረት፣ ፍሬት፣ የለህም። መነሻህን ከክፍቱ ክር ሳይሆን ከሌባ ጣትህ ወይም ከመሀል ጣትህ ማድረግ ትችላለህ። ከባድ ነው፤ ጣትህ አዲስ ርቀት መማር አለበት። ግን ይለመዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውንና መሲንቆውን በአንድ መድረክ አሰልፎ ነበር። ጌታመሳይ አበበ እዚያ መሲንቆ ሲመታ በአንድ ክር ነው። ለገሰ አብዲም ያንን ሁሉ ዜማ ያወጣው ከአንድ ክር ነው። ይህን የምነግርህ ለማሳፈር አይደለም። መንገዱ ክፍት መሆኑን እንድታይ ነው።

ክር መጨመሩን አሁን እንየው። ከሁሉ በፊት የራስህን እጅ ተመልከት። መሲንቆህን ያዝና አንድ ድምፅ አውጣ። ጣትህ ምን ያደርጋል? እንደ ጊታር ወይም እንደ ቫዮሊን ክሩን ወደ እንጨቱ አይጫነውም። ክሩ ከአንገቱ ርቆ አየር ላይ ነው ያለው፤ ጣትህ ከጎኑ ይነካዋል፣ ትንሽም ይገፋዋል። ያ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚለማመጠው፣ ሰው የሚያለቅስ የሚመስለው የመሲንቆ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ክፍቱ ክርና አራት ጣቶችህ አምስት ድምፅ ይሰጡሃል፤ ቅኝቶቻችንም አምስት ድምፅ ናቸው። መሣሪያውና እጁ እንዲህ ተስማምተው ነው የተሠሩት።

አሁን ሌላ ክር ጎኑ አስቀምጥ። ጣትህ የመጀመሪያውን ሲገፋው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሦስተኛ ጨምር፣ ጣትህ መግቢያ ያጣል። አራት ክር እንዲሠራ ከሥር እንደ ቫዮሊን ጠፍጣፋ መጫኛ እንጨት ልታደርግለት ግድ ነው። ያን ጊዜ ጣትህ ይጫናል እንጂ አይገፋም። ድምፁም ሌላ ይሆናል።

ቆዳውም አይሸከምም። አንድ ክር በ5 ኪሎ ውጥረት ብርኩማው ላይ 20 ዲግሪ ያህል ከታጠፈ፣ ብርኩማውን ወደ ታች የሚጫነው 1.7 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት ክር 3.5 ኪሎ ይሆናል። አራት ክር ወደ 7 ኪሎ። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በስስ የፍየል ቆዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይታፈናል። ቀጥሎ ቆዳው ብርኩማው ሥር ይጎደጉዳል። ክረምት ሲመጣ ከስፌቱ ይለቃል።

ደጋኑስ? አንድ ክር ሲሆን ደጋኑን እንዴትም ብታዘነብለው ያንኑ ክር ነው የሚያገኘው። ለዚህ ነው እየዘለልክ፣ እየዞርክ፣ ፊትህን ወደ ሰው አድርገህ እያንጎራጎርክ መጫወት የምትችለው። ብዙ ክር ሲሆን የደጋኑን አንግል ሁልጊዜ መቆጣጠር አለብህ። የኢራኑ ካማንቼ ቆዳ የለበሰ ነው፣ እንደኛው በደጋን ነው የሚመታው። ሦስት ክር ነበረው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቫዮሊን ተጽዕኖ አራተኛ ተጨመረለት። ግን ተጫዋቹ ተቀምጦ፣ መሣሪያውን በእግሩ ሹል ላይ አቁሞ፣ ክር ሲቀይር ደጋኑን ሳይሆን መሣሪያውን ራሱን ያዞረዋል። ሠርግ ቤት ቆመህ ይህንን አታደርገውም።

ሁለት ክር ላይ ግን ልቤ ክፍት ነው። የሞንጎሊያው ሞሪን ኹር በፈረስ ጭራ የሚጮህ የመሲንቆ ዘመድ ነው። ሁለት ክር አለው። በተለመደው አሠራር ወፍራሙ 130 ጭራ፣ ቀጭኑ 105 ጭራ ነው። ሁለቱ በአራት ደረጃ ይለያያሉ። ጣቶቹም ከጎን ነው የሚነኩት፤ ለሁለተኛው ክር አንዳንዱ ጣት ከመጀመሪያው ሥር ሾልኮ ይገባል። ይቻላል ማለት ነው። ግን ልብ በል፤ እነርሱ ሣጥኑን ትልቅ አድርገውታል፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመንም የፊቱን ቆዳ በእንጨት ተክተውታል። የጨመሩት ክሩን ብቻ አይደለም።

ላንተ የምመክርህ ሁለተኛውን ክር አጃቢ እንድታደርገው ነው። ጣት አይነካውም። ክፍት ሆኖ ሥር ሥሩን ያዜምልሃል። ጣቶችህ ከሚመጡበት በተቃራኒው በኩል አድርገው፤ ብርኩማው ላይ ከዋናው 15 ሚሊሜትር ያህል ይራቅ። ከፍታው ከዋናው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ዝቅ ይበል። ደጋኑን ቀጥ ስታደርግ ዋናው ብቻ ይጮሃል፤ ትንሽ ስታዘነብለው ሁለቱም ይመጣሉ። ብርኩማውን አዲስ ሥራለት፣ እግሩ ሰፋ ይበል፤ ሸክሙ ቆዳው ላይ ይበተናል።

በምን ይቃኝ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከውጭ ሙዚቃ የለመድነው አጃቢ ክርን በአምስተኛው ድምፅ መቃኘት ነው። ትዝታ ላይ ያምራል። ባቲና አምባሰል ላይም አምስተኛው ድምፅ ስላለ ይሄዳል። አንቺሆዬ ላይ ግን ችግር ነው። አንቺሆዬን ከዶ ብትጀምር ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው፤ ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ሙሉው ሶል የለበትም! አጃቢው ሶል እያለ አንተ ሶል ቤሞል ብትነካ ሁለቱ ይናከሳሉ። የአንቺሆዬን ያን ለየት ያለ ጣዕም ይገድሉታል። ስለዚህ አጃቢውን መነሻው ድምፅ ላይ ቃኘው፤ ከክፍቱ ዋና ክር ጋር እኩል። አራቱም ቅኝት ላይ ይሠራል። ሁለቱ ሲገጥሙ ሣጥኑ ሲሞላ ይሰማሃል፤ ትንሽ ሲዛነፉ ደግሞ ድምፁ ሞገድ ይሠራል። የሚወዱት አሉ።

አጃቢው አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ በስምንት ደረጃ) ዝቅ ይበል ብትል ደግሞ ሒሳቡ አይፈቅድም። በዚያው ውጥረት አራት እጥፍ ጭራ ያስፈልግሃል፤ ያ ገመድ ነው እንጂ ክር አይደለም። ጭራውን ሳትጨምር ውጥረቱን ብታላላው ደግሞ ሩብ ይሆንና ደጋኑ ሥር ይንቦጫረቃል።

የጊታር ብረት ክርስ ብትለኝ፣ ለዋናው አይሁን። ድምፁ ይቀጥናል፣ ያ የጭራ ሻካራነት ይጠፋል፣ ቆዳውም ይጨነቃል። ከሥር በራሳቸው የሚያስተጋቡ ቀጭን የብረት ክሮች መዘርጋትም አለ። የኖርዌዩ የሀርዳንገር ቫዮሊን ከሥሩ አራት ወይም አምስት አለው፤ የሕንዱ ሳራንጊ ከሠላሳ በላይ። ሳራንጊ ቆዳ ለባሽ ነው፤ ግን ገላው ከአንድ ወፍራም ግንድ የተፈለፈለ ነው። ያንተ ሣጥን ከስስ ጣውላ የተገጠመ ነው፤ ስለዚህ ይህን ተወው።

እንግዲህ ሥራውን እንዲህ ከፋፍለው። አሁን ያለህን መሲንቆ መቃኛ በጠመኔና በብርጭቆ ወረቀት አስተካክል፤ የጥጥ ቀለበቷን እሰርለት። ይኸው የሥራ መሲንቆህ ይሁን። ለሙከራው ሌላ፣ ርካሽ የሆነ፣ አንገቱ ጫፍ ወፍራም የሆነ መሲንቆ ግዛ። ከጊታርህ ሁለት መቃኛ ብቻ ንቀልና እሱ ላይ ግጠም። መጀመሪያ በአንድ ክር ለአንድ ወር ተጫወትበት። አንገቱ ካልተሰነጠቀ፣ ቆዳው ካልሰመጠ፣ አጃቢውን ጨምር። አጃቢውን መጀመሪያ ቀን እስከ መጨረሻው አትወጥረው። በሦስት ቀን ከፋፍለህ አውጣው፤ ቆዳው ሸክሙን ይልመድ።

ከመጀመርህ በፊት ሦስት ልክ ለክተህ ጻፍልኝ፦ የአንገቱን ጫፍ ውፍረት፣ የመቃኛውን ምሰሶ ርዝመት፣ ከድሮው ቀዳዳ እስከ ብርኩማው ያለውን ርቀት። የመቃኛውንና የቀለበቶቹን ፎቶም ላክ። ቀዳዳው የት እንደሚወርድ በእርሳስ ሥዬ እመልስልሃለሁ።